ጣሪያው የጠመቀው

ቅዳሜ፣ ጅጋ ላይ፣ ገበያው ሲበተን፣
ጣሳ የተደፋበት እንጨት ከበር አይተን
ጎንበስ ብለን ገባን፣ በአንዲት ደብተር ታምተን።
መንደሩ ይስቃል፦ «ግብር ሊበሉ ነው ወይስ ሊያስገብሩ?»
እኛ መልስ የለንም፤ ዋንጫዎች ይናገሩ።

ሙጬ የወፍጮ ቤት ሰው፣ እህል አውቃለሁ ባይ፣
ገና ሳይጎነጭ፣ አረፋው ከጢሙ ላይ፣
«ይህ ገብስ ከፈረስ ቤት መጥቷል» ብሎ ይፈርዳል፤
አብዛኛውን ጊዜ ፍርዱ ገደል ይወርዳል።

አያ ይሁኔ ደግሞ፣ ጡረተኛው ድሬሰር፣
ሐኪም ፈርዶበታል ምላሱ እንዲታሰር።
አፍንጫው ግን ነፃ ነው፤ ከዋንጫው አፍ ይጠጋል፣
ያሸታል፣ ይተክዛል፣ ደግሞ ያሸታል፦
«ጋኑ በወይራ ታጥኗል፤ ጌሾው ቅጠል ብቻ ነው፣ እንጨት የለበትም።»
እሱ አይሳሳትም።

አንለይ ቆርቆሮ መቺ፣ መዶሻው ከወገቡ፣
ሲመረው ይለፈልፋል፣ ሲጥመው ዝም ነው ደንቡ።

እኔ ጸሐፊው ነኝ። ከደብተሬ ጀርባ ላይ
የማባዣ ሰንጠረዥ አለ፤ ውስጡ ግን የጋን ጉዳይ፦
የማንኩሳው ጠላ፣ «ወፍራም፣ እንደ አማት ምክር።»
የቋሪቱ፣ «ጌሾ በዝቶበት ምላስ ያስራል እንደ ጠፍር።»
የቡሬው ጠጅ፣ «ማሩ የአደይ። ከብርሌው አንገት
ንብ አርፋ ስትቀምስ አየን። ተውናት።»
የደንበጫው አረቄ፣ «አንደኛው መለኪያ…»
ከዚያ በታች ያለው ለእኔም አይነበብ።

ዛሬ እታገኝ ቤት ነን። መስከረም ተጋምሷል።
የጠራችው አንለይን ነው፤ ጣሪያዋ ያፈሳል።
እኛን የጠራን እሱ፣ «መሰላል ያዙልኝ» ብሎ፤
መሰላሉ ግን ከደጅ ቀረ፣ ግድግዳ ተደግፎ።

ቀዳችልን። የዳጉሳ ነው፤ መልኩ የነሐሴ ዓባይ።
አንዴ ቀመስን። ተያየን። ደገምን።
ሙጬ የዘገነውን ቆሎ ወደ ኪሱ መለሰ።
መጀመሪያ ጭሱ መጣ፤ ቀጥሎ ጌሾው፣ እንደ ቀጭን አለንጋ፤
ከሁለቱም ኋላ፣ ዘግይቶ፣ ስም የሌለው ነገር፣
ጥቁር ድንጋይ ላይ ያደረ የዝናብ ውሃ የሚመስል፣
ልትይዘው ስትል የሚሟሟ።

«ስንዴ ብቅል ገብቶበታል!» አለ ሙጬ። አልገባበትም።
«ውሃው የምንጭ ነው» አልኩ እኔ። የቧንቧ ነው።
አያ ይሁኔ ዓይኑን ከደነ፣ ዋንጫውን በሁለት እጁ አቀፈ፣
ቆየ፤ በጣም ቆየ፤
«አላውቀውም» አለ።
አሥራ አንድ ዓመት ስንቀምስ ይህን ቃል ከእሱ አልሰማንም፤
ፊቱ ግን በራ፣ አዲስ ጫማ እንደተገዛለት ልጅ።

እታገኝ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች፦
«እናንተዬ፣ ምስጢር መሰላችሁ? ስንፍናዬ እኮ ነው!
ክረምቱን ጣሪያው ሲያፈስ ጎታዬ ላይ ወርዶ፣
ዳጉሳው ሳላየው በቀለ፣ ጢም አበቀለ።
ልደፋው ብዬ አሳዘነኝ፤ አድርቄ ቀላቀልኩት።
ግማሹን እኔ ጠመቅሁ፤ ግማሹን ጣሪያው።»

ሁላችንም ቀና አልን።
ቆርቆሮው ላይ ቀዳዳ፣ የብርሌ አፍ የምታህል፤
በእሷ ሰማይ ይታያል።

ሙጬ ወደ አንለይ ጆሮ ተጠጋ፦
«ወንድሜ ሙት፣ ሚስማር አልቆብኛል በላት።»

አንለይ ዋንጫውን አየ፤ ቀዳዳዋን አየ፤
ከቀዳዳዋ ሥር የተቀመጠውን ሳፋ፣
ከሳፋው ሸሽቶ ጥግ የተለጠፈውን የልጅ መኝታ አየ።
ምንም አልተናገረ። ጥሞታል ማለት ነው።
ጨለጠና አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ፣
ወጣ፣ መሰላሉን አቆመ።
ያዝንለት።

ሰባት ሚስማር። እኔ ነኝ የቆጠርኩ።
በየምቱ አያ ይሁኔ ዋንጫውን ወደ አፍንጫው ያስጠጋል፣
መኪና ላይ የወጣ ዘመድ እንደሚሸኝ።

ደብተሬ ላይ የዚያን ቀን አንድ መስመር ብቻ አለ፦
«ጅጋ፣ እታገኝ ቤት፣ ዳጉሳ። ዳግመኛ አይገኝም።»
ከሥሩ ሙጬ፣ በራሱ በተንጋደደ ፊደል፦
«የወፍጮ ቤቴም ጣሪያ ያፈሳል።
አንለይ እንዳይሰማ።»