የግራው አውራ ጣት

ሳሬማ ደሴት ላይ፣ ባልቲክ ሲጋገር፣
ፈረስ ሸርተቴውን ሲጎትት በባሕር፣
የገና ዋዜማ ሳውናው ይሞቃል፤
ሕያው ታጥቦ ሲወጣ፣ ሙት ተራ ይጠብቃል።
ከባሮኑ ጫካ ተሰርቆ በመጣ ፍልጥ፣
እሳቱ ይነድዳል ድንጋዩ እስኪቀልጥ።
ባልዲ ሙሉ ውሃ፣ የበርች ቅጠል እስር፣
ንጹሕ ሸሚዝ ደግሞ ከበሩ ሚስማር፣
ይተውላቸዋል። መዝጊያው ይገፋል።
«ማነህ?» ብሎ መጠየቅ ከነውርም ይከፋል።

ቪዩ ግን ጠየቀች።

ይህን የነገረችኝ የአባቴ አክስት ናት፤
ሁለት ጥርስ ነው የቀራት፣ ወሬ ግን መች ጠፍቷት።
እኔ ከምድጃው ጎን ሱፍ እያባዘትኩኝ፣
ደጋግሜ ሰማሁ፣ ደግሞም አመንኩኝ።

ፕሪዲክ፣ እጮኛዋ፣ አቆስጣ የሚያድን፣
ጓንት ትሠራለት ነበር ለሠርጋቸው ቀን።
ቀኙን ጨርሳለች፣ ግራው በመርፌ ነው፤
«ግራውን ስመለስ» ብሎ ቀኙን ወሰደው።
መጋቢት ነበረ። በረዶው ጮኸና
ተገምሶ ሄደ፤ ማን ይከተልና!
ሦስቱ በጀልባ ዳኑ፤ እሱ አልተገኘም፤
ቄሱም ሬሳ ሳያይ ደወል አላስደወለም።
ቪዩ አላለቀሰች። ግራውን ጨረሰች።

ዘጠኝ ወር ቆይቶ፣ የዋዜማው ሌሊት፣
ገለባ ተነጥፎ በቤቱ መሬት፣
ሁሉም ሲተኛላት ሾልካ ወጣች በጓሮ፤
ጨረቃዋ ደምቃ፣ ውርጩ አጥንት ሰርስሮ።
ሳውናው ጨለማ ነው፣ ድንጋዩ ግን ግሏል፤
ከላይ፣ መደቡ ላይ፣ አንድ ሰው ተቀምጧል።
ጢሙ ላይ ያለው ውርጭ በግለቱ አይቀልጥም፤
ቀኝ እጁ ጓንት አለው፤ ግራው ግን አይታይም።

«ፕሪዲክ ነህ?»
          ስሙን ጠራች፤ ሕጉ ፈረሰ።
ከጨለማው ውስጥ ባሕር ተነፈሰ።

«ቪዩ፣ ብርድ አይደለም፣ ሞትም አይደል የያዘኝ፤
አንቺ የቋጠርሽው ክር ነው አላስሄድ ያለኝ።
ወደ ሙታን ስሄድ ወዳንቺ ይስበኛል፤
ወዳንቺ ስመጣ ባሕሩ ይይዘኛል።
ፍቺው፤ ልሂድበት።»

                  እሷ ግን መጀመሪያ
ግራውን አወጣች ከቀሚሷ ኪስ፣
አጠለቀችለት።
እጅ በሌለበት ጓንቱ ሞልቶ ቆመ፤
ጉንጯን ዳስሶ አለፈ፤ ከንፈሯን ተሳለመ።

ሦስት ጭልፋ ውሃ ድንጋዩ ላይ ደፋች፤
በሦስተኛው ችስታ መፍታት ጀመረች።
ቀዩ ዞር፣ ነጩ ዞር፣ የከዋክብቱ ጥልፍ፣
ጣት በጣት ሲተረተር፣ ሰውየው ሲገፈፍ፣
ክሩ በበሩ ሥር ሾለከ ወደ ባሕር፣
እንደ ዓሣ ገመድ ሲሳብ፣ ሲወጠር።

ሲነጋ ሰዎች አዩ፣ በነጩ ባሕር ላይ፣
ቀጭን ቀይ መስመር ሄዷል፣ መጨረሻው ሳይታይ።
ያን ጊዜ ቄሱ ደወል አስደወለ።

አንጥረኛው ሁለቴ ሽማግሌ ሰደደ፤
«ገና» ብላ መለሰች፤ ሰውየው ተናደደ።
ገና መቼ እንደሆነ አልገባውም።

አሮጊቷ እዚህ ስትደርስ ጉያዋን ዳበሰች፣
አንዲት ትንሽ ነገር መዳፌ ላይ አኖረች።
«ሁሉን አልፈታሁትም።
                 የግራው አውራ ጣት ቀርቷል፤
በየገናው ሌሊት እንደ ሰው ይሞቃል።
ኃጢአት ነው?» አለችኝ፣ ድምጿ ዝሎ፣ ዝሎ።
ስምንት ዓመቴ ነው፤ ምን ልበላት?
ጣቴን ከተትኩበት፤
ከውስጥ ያዘኝ፣ ቀስ ብሎ።