ባለ ቀለበቷ

አንድ ወናፍ አለን፣ አንድ መስፍ፣ ሦስት ሞረድ፣
ብዙ የሰው ጠመንጃ፣ ከኛ የማይዛመድ።
ደጀን፣ ከአስፋልቱ ሥር፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ
ቆርቆሮ ቤታችን ቁልቁል ዓባይን ሲያይ፣
አባቴ ይሞርዳል፣ እኔ ወናፍ እነፋለሁ፤
ብረት የሚለውን ከሱ ተምሬአለሁ።

አያ ልየው መጣ ከኩራር፣ ከቆላ፣
መኸር ሊገባ ሲል፣ ከርከሮ ማሽላ
ሲያወድምበት ነው፤ ጋቢ ውስጥ ጠቅልሎ
ነፍጡን፣ ደጃፉ ላይ ቆመ «ቤቶች» ብሎ።
ከደፉ አያልፍም፤ እኛም ግባ አንለው፤
ዓይናችንን ፈርቶ ነው ፊቱን የሸፈነው።
ገላውን ሰውሮ ክንዱን አቀበለ፤
«መጉረስ እምቢ አለችኝ፣ እስቲ እያት» አለ።

ምንሽር አይደለች፣ ውጅግራም አይደለች፤
በማን እጅ፣ በየት በር፣ እንዴት እንደመጣች
አያ ልየው አያውቅም፤ የአያቱ ናት፣ በቃ፤
ሆዷ ሥር ቀለበት፣ ለሦስት ጣት የሚበቃ።
ቁልቁል ሲስቡላት መንጋጋ ትከፍታለች፣
የበላችውን ቀለህ ሽቅብ ትተፋለች፣
ሲመልሱት ደግሞ ሌላ ትጎርሳለች፤
ከሰው እጅ፤ እንደ ሰው።

አባቴ ብሎኗን ፈትቶ በምላሱ ቀመሰ።
የዝናብ ዝገትና የላብ ዝገት
ጣዕማቸው ለየቅል ነው ይላል።
«ላብ ነው» አለ። «ምላሷ ደክሟል። ለጥር ና።»

ጥር ላይ የመጣው ግን ልጁ ነው፣ ስንሻው፤
ከወንዙ ማዶ ባለው በአዳኞች ሠፈር
ዘበኛ ከሆነ ወዲህ ጫማው ይጮኻል።
በእጁ ሌላ ነፍጥ፤ እሷም ባለ ቀለበት፤
ጥቁር፤ ሰደፏ ፕላስቲክ፣ እንጨት የሌለባት፤
ብረቷ ዝገትን በስሙም የማያውቅ፣
ጀርባዋ ላይ ሐዲድ፣ መነጽር የሚያጠልቅ፤
አፈሙዟ ጥርስ አለው፣ ድምፅ ማፈኛ ሊነክስ፤
መቆለፊያም አላት፣ አውራ ጣት ቢረሳ የሚያስታውስ።
ቀለበቷ ሰፊ ነው።
«ብርድ አገር ጓንት ለብሶ ለሚያድን ነው» አለ ስንሻው፣
ግንባሩን እየጠረገ።

አባቴ ብሎኗን ቀመሰ።
ቆየ።
«ምንም አይልም» አለ።

ሲፈታታት ግን ሳቀ፤ እኔ ሲስቅ ያየሁት ስንቴ ነው?
ያቺው መንጋጋ! ያቺው ምላስ! ያው ጉሮሮ!
መቶ ዓመት ሙሉ ቆዳ ስትቀያይር፣
ዱላ ስትጥል፣ መነጽር ስታደርግ ኖራ
አጥንቷን አልነካችውም።
«የልጅ ልጇ ናት» አለና ተነሣ፤
ከግድግዳው አውርዶ የአያ ልየውን አሮጊት
ጎን ለጎን አስተኛቸው።

«የአባትህን ቀለበት እይ። የሷ አይደለም።
የፊተኛው ተሰብሮ አያትህ ሲያመጣት
ከትሬንታ ኳትሮ ባሌስትራ ቀጥቅጦ
ይኼን ያሰረላት አባቴ ነው።
ለዋጋው ሙክት አመጣ፤ ከደፉ ውጭ አስሮት ሄደ።
ሦስት ትውልድ የኛን ቀለበት አጥልቃችኋል።»

ወናፉን ያቆምኩት መቼ እንደሆነ አላውቅም።
ስንሻው አየኝ፤ ከዚያ የሞረድ ብናኙን አየ።
ሽማግሌ እልካለሁ ካለኝ ሁለት ዓመት አለፈው፤
ሽማግሌዎቹ ቤታችንን አጥተውት ይሆናል፤
ደጀን መቼም ትልቅ ከተማ ናት።

እሱ ግን ገባ። ደፉን ተሻገረ፤
በዚያ በሚጮኽ ጫማው፤ እንደ አባቱ አልቆመም።
አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ኮፍያውን አወለቀ፤
የቆላ ሙቀት ከትከሻው ይተን ነበር።
አባቴ አዲሲቱን ገጠማት፤ ቀለበቷን ሳበ፣ መለሰ፤
ቀጭ፣ ቀጭ። እንዴት ያለ ድምፅ ነው፣ ቅቤ!

«ውኃ ላምጣልህ?» አልኩት።
ጣሳውን ከእጄ ሳይቀበል ብዙ አየው።
«ጾመኛ ነኝ» አለ።

ጥር ነው።
ሐሙስ ነበር።