ስም የሌለው ሐሙስ

ላይፕዚግ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው ቤት፤
ሁለት ሻንጣ፣ አምስት ካርቶን፣ ሦስት ድስት ለሁለት።
ካርቶኑ ሳይፈታ ወረቀት ለጠፈች
ስንዱ ፍሪጁ ላይ፤ “ሰኞ አንተ” ብላ ጻፈች፣
“ማክሰኞ እኔ። ረቡዕ ጾም፣ ምስሩ ያንተ ድርሻ፤
ያልሠራው ያጥባል፤ የለም መሸሻ።”

እናቴ ወንድ ልጅ ማጀት ሲገባ አትወድም፤
“ውጣ!” ትለኝ ነበር ከእሳቱ ዳር ስቆም።
እዚህ ማጀት የለም፤ ሳሎንና ምድጃ
በአንድ ክፍል ይኖራሉ ያለ መጋረጃ።
ሰው የቱን በር ዘግቶ ሰበብ ይፈጥራል?
ሽንኩርት ይልጣል እንጂ፣ ያለቅሳል፣ ይከትፋል።

የመጀመሪያው ረቡዕ ምስሩ አረረብኝ፤
የጭሱ ደወል ከጣሪያው ጮኸብኝ።
ከታች ወይዘሮ ሄንከል በመጥረጊያ እንጨት
የእሳቸውን ጣሪያ፣ የእኔን ወለል መቱት።

ስንዱ ትራም ስትነዳ አምሽታ መጣች፣
ጓንቷን ሳታወልቅ ድስቱን ከፍታ አየች።
አልሳቀችም። ጎረሰች። “ጨው ያንሰዋል” አለች፤
ማረሩን ሳታነሣ እስከ ታች ጠረገች።

“ስንዱ” ያሏት ለሙያ ነው፤ እሷ እቴ! እንቁላል
ስትቀቅል ትረሳለች፤ ውሃ ያርርባታል።

ወረቀቱ ላይ ግን ሐሙስ ስም የለውም።
ረስታው ይሁን ትታው፣ አልጠየቅኋትም።
ሐሙስ ሐሙስ ማታ ከነጫማችን ቆመን
ዳቦ በቲማቲም፣ በአንድ ቢላ ቆርሰን፣
ስለ መጨረሻው ፌርማታ ሰካራም ታወራኛለች፤
ሳህን አይነካ፣ የሚያጥብም የለ፤ ፍርፋሪውን በእጇ ታፍሳለች።

ትናንት እስክሪብቶ ይዤ ስሜን ልጽፍ ስል
ክዳኑን መለስኩት። ባዶውን ይዋል።