ለኑሪያ፣ አንዲት ፍሬ ለጠየቀችኝ

ኑሪያ፣
ጨው ብትዪኝ ጨው አለ፣ ዘይት ብትዪኝ ዘይት፣
በረዶም ከፍሪጄ፣ ሙቀቱ ሲብስ ሌሊት፤
ልጅሽ ሲያስል ካደረ እኔም አብሬሽ እነቃለሁ፣
ግድግዳችን ቆርቆሮ ነው፣ ትንፋሽሽን አውቃለሁ።
ይህቺን ነጭ ፍሬ ግን «አንዷን ስጪኝ» ስትዪኝ
እጄ ወደ ኋላ አለ። ስስታም እንዳትዪኝ።

«እኔንም እንቅልፍ ነሳኝ» አልሽ፣ «እኔንም ሆድ ባሰኝ፣
አንቺን ያነሳ መድኃኒት እኔን ብቻ ረሳኝ?»

አቦ ቁጭ በዪ።
ደቻቱን ታውቂው የለም? ሰልባጄን የምዘረጋበት፣
ዓመቱን ሙሉ አሸዋ፣ ፍየል የሚተኛበት።
ሰማዩ የታጠበ ሳህን፣ ደመና የሚባል የለ፣
ድንገት ከላይ በኩል አንዱ «መጣ! መጣ!» አለ፤
ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሯል፣ እኛ ሳናይ፣ ሳንሰማ፣
ጎርፉ ጃኬት ሸሚዜን ነድቶ ወጣ ከከተማ።

የኔም ነገር እንዲያ ነው።
«ምን ጎደለሽ?» ይሉኛል። ምን ልበል? ምን ጎደለ?
ልጆቹ ደህና ናቸው፣ የባጃጁም ዕዳ ተከፈለ።
የት እንደዘነበብኝ ዛሬም ድረስ አላውቅም፣
ያን ሰሞን ግን ሦስት ወር ከፍራሽ አልላቀቅም።

ሳቢያን ያለችው ሐኪም፣ ዶክተር ሂንዲያ፣ አልቸኮለችም፤
ግማሽ ቀን መሰለኝ፣ ጥያቄዋን አልጨረሰችም።
ደም ግፊትስ? ሌላ ኪኒን? ታጠቢያለሽ? እርጉዝ ነሽ?
ጫትስ? (አፈርኩ ኑሪያ) በሳምንት ስንቴ ትቅሚያለሽ?
ሳትተኚ ሰንብተሽ፣ ዓለም ሁሉ የኔ ነው ብለሽ፣
ያለ ልክ ደስ ብሎሽ፣ ገንዘብ የበተንሽበት ጊዜስ አለሽ?
የመለስኩላትን ሁሉ ጻፈች።

ሰልባጅ ለማንም ይሆናል፣ ቢጠብ ይተረተራል፤
ይህቺ ግን በኔ ልክ ናት፣ ሌላ ሰው ላይ ያስቸግራል።

በሦስት ቀን ደግሞ የሚስቅ የለም።
ሆዴ ታወከ፣ አፌ ደረቀ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፤
በሁለተኛው ሳምንት ሐሳቤ ወደ ክፉ ሮጠ፣
ከበፊቱ የባሰ። ለማንም አላወራሁትም፣
ላንቺ ነው የምነግርሽ። ብቻዬን ግን አልያዝኩትም፤
«ከመጣ ዝም እንዳትዪ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን» ብላኛለች።
ሐሰንን ቀሰቀስኩት።
ምንም አልተናገረም፣ የባጃጁን ቁልፍ ጨብጦ
ከጎኔ ተቀምጦ
አነጋው። ጠዋት ሳቢያን ነበርን።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ፣ በዚያ በግንቦት ንዳድ፣
ካፖርት ልገዛ የመጣ አንድ ቂል ነጋዴ
(ድሬ ላይ! ካፖርት!)
በአሥር ብር ሲከራከረኝ ሳቄ አመለጠኝ በድንገት።
የማን ሳቅ ነው ብዬ ዞር አልኩ።

ከዚያማ ዳንኩ አልኩና ተውኩት።
አሸዋው ደረቀ ብዬ መሐል ደቻቱ ተኛሁበት።
በአራት ቀኔ ጭንቅላቴ ውስጥ መብረቅ፣ ውልብ፣ ውልብ፣
ምድሩ ዞረ፣ እንባዬ ያለ ምክንያት እንደ ውኃ ጅረት ልብ።
ዶክተር ሂንዲያ አልተቆጣችም። «መውረጃው ደረጃ አለው» አለች፣
«ቀኑ ሲደርስ አብረን ነው፣ በትንሽ በትንሹ» አለች።
የረሳሁትን ለመካስም ሁለት አልውጥም፣ ነግራኛለች።

አሁን የከሰዓቷ በርጫ ቀርታለች። ጓደኞቼ ይስቃሉ፣
«ያ የእብድ ኪኒን» ይላሉ።
ይበሉ። ፍሬዋ ቁም ሳጥኑ ላይ ናት፣
ሙቀት የማይደርስባት፣ ልጅ የማይደርስባት።

ነገ ሰልባጄን አልዘረጋም፤ ሐሰን ሳቢያን ያደርሰናል፣
ሒሳብም አይጠይቅሽ፣ ለኔም ሲቆጥብ አላየሁም።
ያንቺን ጥያቄ አንቺ መልሺ፤ በረንዳው ላይ እጠብቅሻለሁ።
ዛሬ ማታ ግን እንቅልፍ እንቢ ካለሽ፣ ሐሳቡም ከከበደሽ፣
ቆርቆሮውን አንኳኪው።
ቀስ ብለሽም ቢሆን።
እሰማሻለሁ።