አልጋ አለ?

ከማለዳ ጀምሮ «አልጋ አለ?» ይላሉ፤
በስልክ ይላሉ፣ በመስኮት ይላሉ፤
አንዳንዱም ከበር ላይ፣ ቃል ሳይወጣው ገና፣
መዳፉን ጉንጩ ሥር ያስተኛልና
እኔም በራስ ንቅናቄ መልስ እሰጠዋለሁ፤
«ሞልቷል» ነው ትርጉሙ፤ ዘንድሮ ለምጃለሁ።

ሠላሳ ሁለት ክፍል፣ ሠላሳ ሁለት ቁልፍ፤
ሚስማሩ ባዶ ነው ከጫፍ እስከ ጫፍ።
ላሊበላ ለገና ጣሪያ ያለው ሁሉ
ፍራሽ ያከራያል፤ ይኸው ነው አመሉ።
እናቴም ቤታችንን ለሩቅ አገር ሰዎች
ሰጥታ፣ ማጀት ገብታለች ከወንድሞቼ ጋር፤
እኔ እዚሁ አድራለሁ፣ ካንሶላዎች መሀል፣
ከካውያው መደብ ሥር።

ባለቤቱ ዘንድሮ የላስቲክ ጥድ ገዝቶ
መግቢያው ላይ ተክሎታል፣ አምፖል አብርቶ።
ነጭ ጥጥ በላዩ ነሰነሰ ደግሞ፤
«በረዶ ነው» አለን ፊት ለፊቱ ቆሞ።
ዘበኛው እንድሪስ ጋቢውን ደርቦ
ዞሮ ዞሮ አየው፣ ቀረብ ብሎ ታዝቦ፤
«የፋርማሲ» አለ፣ «የቁስል ጥጥ እኮ ነው!
ጥድስ አሸተን ላይ ስንት አለ፤ ምን ጎደለው?»

ሦስት ሰዓት አልፏል። አንድ ሚኒባስ ደርሶ
አራት ሰው አወረደ፣ አቧራውን ለብሶ።
አባትየው ከፊት ሻንጣ ተሸክሞ፣
እናት ከነልጆቿ፤ ሁሉም ፊቱ ደክሞ።
«አራጋው ነኝ» አለኝ፣ «አራጋው ይመር፤
ክፍል ዐሥራ አራት። ከፍያለሁ በኅዳር።
ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ፣ በሌሊት ፈረቃ
ዓመት ያጠራቀምኩት፤ ዘንድሮስ ይብቃ
ብዬ አመጣኋቸው፤ ሆቴል አድረው አያውቁም፤
ትንሿማ ስታወራ ሰንብታ
እንቅልፍም አልወሰዳትም።»

መዝገቡን ገለጥኩት። ባልገልጠው በወደድኩ።
ስሙ እዚያ ነበረ፣ በእጄ ያሰፈርኩ።
በላዩም መሥመር አለ፣ በሰማያዊ ቀለም፤
ያሰመርኩትም እኔው ነኝ፤ ሌላ ሰው የለም።
«በዶላር የሚከፍል መጥቷል» ብሎኝ ነበር
ባለቤቱ፣ ባለፈው ሳምንት፤
«ይሄንን ሰርዢው፤ ገንዘቡን እንመልሳለን
የመጣ ዕለት።»

ሰውየው ጠበቀ።
ስለ መብራት መቆራረጥ፣ ስለ ኔትወርክ አወራሁ፣
ኮምፒውተሩን ከሰስኩ፣
ሁሉንም ከስሼ ስጨርስ አንድ ቁልፍ አነሣሁ፤
የራሴን።

የካውያውን ክፍል ገና እንደከፈትኩት
ካንሶላው ክምር ፊት ቆመች ልዕልና፤
እስከ ኮርኒሱ ነጭ፣ የደረቀ ገና።
«እማ፣ በረዶ!» ብላ ዘለለች ከላዩ፤
ወንድሟም ከነጫማው!
አራት ሰዓት የተኮስኩት ነው፤ እስኪ ልፋቴን እዩ።
እናታቸው ፋጤ ልትቆጣ ጀምራ
ሳቋ አመለጣት፤ ወደቀች አብራ።
«እግዜር ይስጥሽ» አለኝ አራጋው እጄን ይዞ፤
ምርቃቱ ገባኝ፣
እንደ ሌሊት ውሃ ቀዝቅዞ።

ሌሊቱ ሳይገፍ ሄዱ፣ ነጠላ አጣፍተው፣
ትንሿን አዝለው።
ከቤተ ማርያም፣ ከዐለቱ አፋፍ
«ቤዛ ኩሉ» ሲሉ፣ ላይና ታች ሲቀባበሉ
በመስኮቴ ሰማሁ። ወንበሬን ትቼ መሄድ አልችልም።
እንድሪስ ሬዲዮውን ዘግቶ ያዳምጣል።
የላስቲኩ ጥድ ብልጭ ድርግም ይላል፤ እሱ አይሰማም።

ጠዋት ባለቤቱ አንሶላውን አይቶ
ከደሞዝሽ ቆረጥኩ አለኝ፣ በጣም ተቆጥቶ።
መዝገቡንም ገልጦ ስርዙን ሲያይ ጊዜ፣
«ያስጠላል» አለ፣ «ቀለም አይለቅም፤ ሰው ያያል።
ከእንግዲህ በእርሳስ ጻፊ።
ላጲስ ይበቃዋል።»

ስልኩ ጠራ።
«ለጥምቀት ነበር» አለኝ አንድ ድምፅ፣ «ስድስት ነን። አልጋ አለ?»
ከጀርባው ልጆች ይጯጯኻሉ።
እርሳሱን ቀረጽኩት፤
ስማቸውን ጻፍኩት
ተጭኜ፣ ተጭኜ፣
ከሥር ባለው ገጽ ላይም እንዲታይ አድርጌ።