ግማሽ ጢም

ከመናኸሪያው ጀርባ ሁለት ወንበር ያላት ጸጉር ቤት አለችኝ፣
በሯን ነፋስ ከፍቶ የአዳማን አቧራ በጠዋት ሚያጎርሰኝ።
ግድግዳዬ ላይ ያለው ቴሌቪዥን ድምፁ ከጠፋ ከርሟል፤
መሪ የማውቀው በጸጉሩ ነው፦
ይሄ በመቀስ ተስተካክሏል፣ ያኛው ቀለም ተቀብቷል።

ዛሬም ረጅም ጠረጴዛ ከበው፣ ውሃቸው በብርጭቆ ሞልቶ፣
ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እጅ ይጨበጣል ጠንክሮ፣ ከዚያ ላልቶ።
ቀጥሎ ጋዛ።
አንድ ልጅ፣ ጸጉሩ ነጭ፤
ሽበት መሰለኝ፣ የሲሚንቶ ብናኝ ነው።
ቀጥሎ ቴል አቪቭ። አንዲት እናት፣
የታገተ ልጇን ፎቶ ደረቷ ላይ ለጥፋ፤
ማበጠሪያ ካየች ስንት ቀን እንደሆናት
ሙያዬ ነውና ቆጠርኩት።

ወንበሬ ላይ አቶ ክንፈሚካኤል፣ ግማሽ ጢማቸው ተላጭቶ፣
ኢየሩሳሌምን የተሳለሙ፤
ተራ የሚጠብቀው ሙዘሚል፣ የጅቡቲ መስመር ሾፌር።
አንዳቸው «የተስፋይቱ ምድር» አሉ፤
ሌላው «የማን ተስፋ?» አለ፤
ባንድ ዕድር ድንኳን የተቀመጡ ሰዎች፣
ሳሙናው አገጭ ላይ እስኪደርቅ
በሰው አጥር ተጣሉ።

እኔ ምላጭ ይዤ መሃል።
በቀን አሥራ አምስት ጉሮሮ በዚህ እጄ ስር ያልፋል፤
ሰው አንገቱን ሰጥቶኝ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያንቀላፋል።
ብስት በሸብ አቆማለሁ፣ ይቅርታ እላለሁ፣ ሒሳብም አልቀበል።
እነዚያስ?
አንዱ ወንበሩ እንዳይነቃነቅ፣ ሌላው ከዋሻው ሆኖ ስሙ እንዲጠራ፣
ሦስተኛው ከባሕር ማዶ ጥይት ሸጦ እርቅ ሊመራ፣
የስንቱን አንገት ይዘው ፊታቸው ወደ ካሜራ!
ደሙ ሲፈስ «እሱ ነው የነካኝ» ይላሉ፤
ሰላምን ግማሹን ላጭተው
ፎቶ ተነሥተው ይሄዳሉ።

ይሄን ልናገር አፌን ስከፍት መብራት ጠፋ፣
የነፋስ ማማዎቹ ኮረብታው ላይ እየዞሩ።
ጥቁሩ ስክሪን ላይ ሦስታችን ቀረን።
ሙዘሚል ቀስ ብሎ፦
«ለሜሳን ታስታውሳለህ? ረዳቴን?
ጥቅምት ላይ መንገድ የቀረውን?
የኛዎቹስ ስሙን አንሥተዋል?»
አቶ ክንፈሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።
ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ሙዘሚል የስልኩን ባትሪ አብርቶ ወደ አገጫቸው አስጠጋ፣
«ጨርስላቸው እንጂ» አለኝ።
ቀሪውን ግማሽ በዚያች ብርሃን ላጨሁ።
እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የኔም።
አንድ ቦታ ደማ።
ይቅርታ አልኩ፤
ሸቡን በዳበሳ ፈለግኩ።