መረቤ የያዘው

እኔ ነኝ የበጠስኩት፤ ሌላ ስም አትጥሩ፤
ነፋሱን አትክሰሱ፣ በባሕር አታማርሩ።
ኅዳር ነበር፣ ሌሊት፣ ከሼትላንድ በስተ ደቡብ፣
ከጊቢ ጋር ሁለት ሆነን መረባችንን ስንስብ፣
ከበደ።
«ዛሬስ ቀናን» አልኩ፤ ልቤ ከእኔ ቀድሞ ገበያ ሄደ።
መርከቧ ከአቅሟ በላይ እንደ ጫነች በቅሎ ዘመመች፤
ከጥልቁ አንዲት ነገር «ጧ!» አለች፤
መረቡም ቀለለ።
ጭቃና ሁለት ኮከብ ዓሣ ብቻ ጫፉ ላይ ተንጠለጠለ።

ወደብ ስንደርስ ነጋ።
የነጋዴው ስልክ ዝም፤ ሚዛኑ ዝም፤ የሚነግረን ጠፋ የዓሣውን ዋጋ።
ባንኩ በሩን ዘጋ፤ ካርዴ ኪሴ ውስጥ ሞተ፤
ሮቢና ከመሳቢያዋ ደብተር መዘዘች፤ የዱቤ ዘመን ባተ።
ከዓለም ጋር እንደ ልቧ ስታወራ የኖረች ደሴት፣
አፏን በእጇ ይዛ ቀረች፣ ነገር እንደ ጠፋት ሴት።
«ማን ይሆን?» ይላል ሰው። እኔ ራስሚ፣ ዝም።
ጊቢን አየሁት፤ ጊቢም ባሕሩን አየ። ሁለታችንም አልተናገርንም።

በሦስተኛው ቀን ኦስላ ዘንድ ሄድኩ፣ በዓሣ አሳብቤ፤
የከበደኝ ሌላ ነው፤ ልቤ አልቀለለም እንደ መረቤ።
ዘጠና ዓመቷ ነው። ድሮ የስልክ ቤት ሠራተኛ፣ ሠላሳ ገመድ በእጇ፣
ማን ማንን እንደሚወድ ከእናቱ ቀድማ የምታውቅ፤ ጆሮዋ ነበር ደጇ።

«አባቴ» አለችኝ፣ «የቴሌግራፍ ሰው ነበር፤
ተኝቶ እንኳ ጣቱ ብርድ ልብሱ ላይ ይናገር ነበር።
ቃል በሳንቲም ነበር የሚሸጠው፤ ሰው ሐዘኑን ያሳጥራል፦
‹አባባ ሞተ። ና።› በቃ። የቀረውን ባሕሩ ይጨርሰዋል።
ከዚያ ድምፅ መጣ፤ ያኔ እኔ ነበርኩ ድልድዩ።
ከዚያ ደግሞ ያ ሣጥን፣ ጉድ ነበር ጩኸቱ፣ ጉድ ነበር ጉዱ፣
ጅራቷን እንደ ተረገጠች ድመት።
ልጄ ኦክላንድ ሆኖ ሴት ልጅ ወለደና ፎቶዋን ላከልኝ በዚያው ሌሊት፤
መስመር በመስመር ወረደ፣ ከጣራ እንደሚወርድ ጠፈጠፍ፤
መጀመሪያ ግንባር። ሻይ ጣድኩ። ከዚያ ቅንድብ፣ ከዚያ የዓይኗ ጫፍ፤
ሻዩን ጠጣሁ፤ አፍንጫዋ ደረሰ፤
ባሌ ጓዳ ሆኖ ስልኩን አነሣና፣ ሁሉን በጠሰ!
ያን ሌሊት አልተኛሁም፤
‹የማንን አፍ ይዛ ይሆን?› እያልኩ። እስኪነጋ አገጯን አላየሁም።

አሁንማ ሁልጊዜ እዚህ ናት፤ እያኘከች ታወራኛለች፤
ስትሄድም የሄደች አይመስለኝ፤ ገና ሳልናፍቃት ትመጣለች።
ይኸው ሦስት ቀን ናፈቀችኝ።
ክፉ አሮጊት አትበለኝ፤ ትንሽ ደስ አለኝ።»

ዝም አለች። ከዚያ፣ ዓሣውን ሳታይ፣ እጄን እያየች፣
«መረብህ ሰሞኑን ምን ያዘ?» አለች።
«ሁላችንንም» አልኳት።
ሳቀች፤ ሳል እስኪይዛት።

በሰባተኛው ቀን የጥገናው መርከብ መጣ፤
እንደ እኔው መንጠቆ ጣለ፤ የቆረጥኩትን ከጭቃ አወጣ።
ኦስላ «ሂድና እይ» ስላለችኝ ሄድኩ፤ ንስሐዬ ይህ ነበር።
ሮዴል የሚባል የማኒላ ልጅ፣ ብረቱን ልጦ፣ ላስቲኩን ልጦ፣ ሲመረምር፣
ከዚያ ሁሉ ውፍረት መሐል አወጣ አንዲት የመስታወት ፀጉር።
«ይህች ናት?» አልኩት። «ይህች ናት፤ አትተንፍስባት።»
ደሴቲቱን ከነሰዎቿ በሁለት ጣቱ ያዛት።
ፀጉርን ከፀጉር አገናኘ፤ ጢስ የሌለው ብልጭታ ታየ፤
እኔ ትንፋሼን ውጬ፣ ጊዜው ቆየ፣ ቆየ።

ዛሬ ወደቡ ላይ ተቀምጬ የተቀደደውን እሰፋለሁ፤
ሲባጎውን አሾልኬ፣ አጥብቄ እቋጥራለሁ።
ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይንጫጫል፦ ባንኩ፣ ነጋዴው፣ የሰባት ቀን ወሬ ሁሉ፣
ታግደው እንደ ሰነበቱ በጎች በአንድ በር ሊገቡ ይጋፋሉ።
እጄ እርጥብ ነው።
ይጩህ። ይህን ቋጠሮ ልጨርሰው።